የኮንፈረንስ ሽግሽግ፦ አንድ ዩኒቨርሲቲ «ተፈላጊ» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

አራተኛ ዳውን፦

በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካኖቹ የእጅ ኳስ መሰሉ ጨዋታ) ማን ከየትኛው ኮንፈረንስ (ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚጫወቱበትና የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚካፈሉበት ማኅበር) ወዴት እንደሄደ ዝርዝሩን አውቀዋለሁ፤ ያልገባኝ መመዘኛው ነው። ራትገርስ ሜዳ ላይ ይህ ነው የሚባል ውጤት ሳይኖረው በ2014 ቢግ ቴን የሚባለው ትልቅ ኮንፈረንስ ገባ። ቦይዚ ስቴት ዓመት ከዓመት ሲያሸንፍ ኖሮ ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አንዱም አልወሰደውም። ኤስኤምዩ «የቴሌቪዥን ገንዘብ አትስጡኝ» ብሎ ኤሲሲ የሚባለውን ኮንፈረንስ ተቀላቀለ። ፍሎሪዳ ስቴት ደግሞ ልውጣ ብሎ ኮንፈረንሱን ፍርድ ቤት አቁሞት ዛሬም እዚያው አለ።

እነዚህን አራቱን በአንድ መመዘኛ ማስረዳት የሚችል ሰው አለ? የከተማ ስፋት ነው እንዳልል ኤስኤምዩ ዳላስ ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ፈላጊ አልነበረውም። ውጤት ነው እንዳልል ቦይዚ አለ። ከአሁን በኋላስ ማን ቢጨመር ያዋጣል? ስም ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ውሎቹ ሁሉ በፈረንጅ ዓመት ስለተጻፉ ዓመቶቹን እንደዚያው እንያዛቸው።

ሒሳብ ሹም፦

መነሻው የማካፈል ሒሳብ ነው። 16 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ ለእያንዳንዱ 40 ሚሊዮን ዶላር ያከፋፍላል እንበል፤ ድምሩ 640 ሚሊዮን። 17ኛው አባል ሲመጣ ጣቢያው በእሱ ምክንያት 25 ሚሊዮን ቢጨምር፣ 665 ለ17 ሲካፈል 39.1 ይደርሳል። ነባሮቹ በነፍስ ወከፍ ወደ 900 ሺህ ዶላር አጡ ማለት ነው። ያው ዩኒቨርሲቲ «15 ሚሊዮን ይበቃኛል» ካለ ግን 10 ሚሊዮን ይተርፋል፤ ለ16ቱ ሲከፋፈል ለእያንዳንዳቸው 625 ሺህ ይደርሳቸዋል። ቡድኑም ስታዲየሙም ተመልካቹም አልተለወጡም፤ በመጀመሪያው ስሌት ሸክም የነበረው በሁለተኛው ትርፍ ሆነ። ስለዚህ «ተፈላጊ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «በስንት ድርሻ?» ካላለ ግማሹን ነው የጠየቀው።

ለዚህ ጥሩው ማሳያ ኦሬገንና ዋሽንግተን ናቸው። ኦገስት 4 ቀን 2023 ቢግ ቴን ሲቀበላቸው በዓመት ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር፣ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን እየተጨመረበት ተስማሙ። ይህ ነባሮቹ ከሚያገኙት ግማሽ ገደማ ነው። ኦሬገን በ2024፣ በገባበት ዓመት፣ ሳይሸነፍ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫው ድርሻውን በአንድ ዶላር አልጨመረለትም።

አሁን ወደ ራትገርስ። ቢግ ቴን ኔትወርክ የተከፈተው በ2007 ነው። እንዲህ ያለ ቻናል ገቢው በየወሩ ከእያንዳንዱ የኬብል ደንበኛ ቤት የሚቆረጥ ሳንቲም ነው፤ ሰውየው ጨዋታ አየም አላየም ይቆረጥበታል። የኮንፈረንሱ አባል ባለበት ግዛት የሚቆረጠው ሂሳብ ከሌላው ግዛት በጣም ይበልጣል። ራትገርስ የኒውዮርክን አካባቢ፣ ሜሪላንድ የዋሽንግተንንና የባልቲሞርን ቤቶች ከርካሹ ታሪፍ ወደ ውዱ አሻገሩ። አንድም ሰው ራትገርስን ማየት አላስፈለገውም፤ ኬብሉን ካላስቆረጠ በቂ ነው። ሜሪላንድ ኤሲሲን ሲለቅ ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠይቆ በመጨረሻ በ31.4 ሚሊዮን ገደማ ተስማማ፤ በዚያ ዘመን ሒሳብ ያ ገንዘብ በጥቂት ዓመታት የሚመለስ ነበር።

ዛሬ ያ ሒሳብ አልሞተም፣ ግን ታሟል። ሰው ኬብል ሲተው ጣቢያው የሚገዛው የቤት ብዛት መሆኑ ይቀርና በእውነት ተቀምጦ የሚያይ ሰው ይሆናል። ስለዚህ «ኒውዮርክ ውስጥ ስንት ቤት አለ?» የሚለው ጥያቄ «ይህ ቡድን ከመካከለኛ ተጋጣሚ ጋር ሲጫወት ስንት ሰው ያያል?» በሚለው ተተካ።

ይህን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። የቡድኑን የሦስት ዓመት ጨዋታዎች ከነተመልካች ቁጥራቸው ደርድሩ። ተጋጣሚው ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ ወይም ኖተር ዴም የሆነበትን ሁሉ ሰርዙ፤ ያ ተመልካች የእነሱ ነው። የቀረውን በቻናል ለዩት፦ በፎክስ ዋና ቻናል እኩለ ቀን ላይ የታየን ጨዋታ በኬብል ቻናል ከታየ ጋር አታወዳድሩ። በኢንተርኔት ብቻ የተላለፈውን አውጡት፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አይወጣምና። ከዚያ አማካዩን ሳይሆን መካከለኛውን ቁጥር ውሰዱ፤ አንድ ትልቅ ጨዋታ አማካዩን ያሳብጠዋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ ከትላልቆች ጋር ተጫውቶ ሚሊዮኖች ያዩትን ቡድን «ተመልካች አለው» ይላል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ሰውን ከተቋም ጋር ማምታታት። ኮሎራዶ በ2023 የታየበት ብዛት የአሠልጣኙ የዲዮን ሳንደርስ ነበር። ቢግ 12 የሚባለው ኮንፈረንስ ግን ኮሎራዶን ለመውሰድ የወሰነው ጁላይ 27 ቀን 2023 ነው፤ አሠልጣኙ እዚያ ገና አንድ ጨዋታ ሳይመራ፣ ቡድኑም 2022ን 1 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ጨርሶ እያለ። የፈለገው የዴንቨርን አካባቢና የቀድሞ አባሉን ነበር፤ የተረፈው ምርቃት ነው።

ቦይዚ በዚህ ሚዛን የት ይወድቃል? አይዳሆ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ግዛት ናት። ቡድኑ ለነበረበት አነስተኛ ኮንፈረንስ ለማውንቴን ዌስት ወርቅ ነበር፤ የሜዳው ጨዋታዎች ለብቻቸው ስለሚሸጡ ከሌሎቹ አባላት በዓመት 1.8 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ያገኝ ነበር፤ ሌሎቹም በዚህ ሲያጉረመርሙ ኖረዋል። ሰላሳ ሚሊዮን የሚያከፋፍል ኮንፈረንስ ግን ያን ያህል ጭማሪ የሚከፍልለት ጣቢያ አላገኘም። ማሸነፉ ተመልካች አምጥቶለታል፤ የጎደለው መጠኑ ነው።

ውል አንባቢ፦

ስሌቱ ትክክል ነው። የምጨምረው ጣቢያው የሚጨምረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በድርድር የሚገኝ ሳይሆን አስቀድሞ ውሉ ላይ የተጻፈ መሆኑን ነው። ይህን አንቀጽ ፕሮ ራታ ይሉታል፦ አዲስ አባል ሲገባ ጣቢያው ለነባሮቹ የሚከፍለውን ያህል ለእሱም ይጨምራል።

ቢግ 12ን ያዳነው ይህ አንቀጽ ነው። ቴክሳስና ኦክላሆማ በጁላይ 2021 እንሄዳለን ካሉ በኋላ ቢዋይዩ፣ ሲንሲናቲ፣ ሂዩስተንና ዩሲኤፍን ጨመረ። በኦክቶበር 2022 ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር እስከ 2030-31 የሚዘልቅ፣ በአማካይ በዓመት ለአንድ አባል 31.7 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ ውል ተፈራረመ። ከሌላ ትልቅ ኮንፈረንስ የሚመጣ አባል ያንኑ እንደሚያገኝም አብሮ ተጻፈ። ኮሚሽነሩ ብሬት ዮርማርክ ለኮሎራዶ ሲደውል በእጁ የተቆረጠ ቁጥር ነበረው። ኮሎራዶ የነበረበት የፓክ 12 ኮንፈረንስ ኮሚሽነር ጆርጅ ክሊያቭኮፍ በእጁ አንድም የተፈረመ ወረቀት አልነበረውም።

በወቅቱ እንደተዘገበው ኢኤስፒኤን ለፓክ 12 በአባል 30 ሚሊዮን ገደማ አቅርቦ፣ እነሱ 50 ጠይቀው ንግግሩ ፈረሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረበው የአፕል ውል መነሻው በአባል 23 ሚሊዮን ገደማ፣ ቀሪው በደንበኛ ብዛት የሚወሰን ነበር። ኦገስት 4 ማለዳ አንድ ክፍል ውስጥ ሊፈርሙ የነበሩት ዘጠኝ አባላት ማታውን አራት ሆኑ።

ኤስኤምዩን ለመረዳትም ይኸው አንቀጽ ይበቃል። ኤሲሲ ከኢኤስፒኤን ጋር ባለው ውል አዲስ አባል ሙሉ ድርሻ ይዞ ይመጣል። ስታንፎርድ፣ ካል (የበርክሌዩ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) እና ኤስኤምዩ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ሲጠሩ ኢኤስፒኤን የሦስት ሰው ሙሉ ክፍያ ጨመረ። ስታንፎርድና ካል ለሰባት ዓመት 30 በመቶ ብቻ ሊወስዱ፣ በስምንተኛው 70፣ በዘጠነኛው 75፣ በአሥረኛው ሙሉውን ሊያገኙ ተስማሙ። ኤስኤምዩ ለዘጠኝ ዓመት ከቴሌቪዥኑ ምንም። ልዩነቱ ወደ ነባሮቹ ሳጥን ገባ። ውሳኔው ከ15 ድምፅ 12 ይፈልግ ነበር፤ ፍሎሪዳ ስቴት፣ ክሌምሰንና ኖርዝ ካሮላይና ተቃወሙ፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ሐሳቡን ስለቀየረ ልክ 12 ሞላ። ስለዚህ «ኤስኤምዩ ማን ፈለገው?» ላልከው፣ በሙሉ ድርሻ የፈለገው አልነበረም፤ በነጻ ሲመጣ ግን ዳላስን ጨምሮ ተገኘ።

ይህን ከእሱ በኩል ስታየው እብደት አይደለም። ግብዣው በመጣ በሳምንቱ ደጋፊዎቹ 100 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል። ለቀድሞው ኮንፈረንሱ የ27 ወር ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ለመውጣት 25 ሚሊዮን ከፍሏል። በ2024 ደግሞ በመጀመሪያ ዓመቱ ፕሌይኦፍ (ለአገር አቀፉ ዋንጫ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ገባ። ይህን መንገድ ለመቅዳት የሚመኙ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ኪስ ያለው ደጋፊ ግን ብዙ አይደለም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ነገሩ ከብዷል፦ ሃውስ በሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲው ለአትሌቶቹ በቀጥታ ሊያከፋፍል የሚችለው ጣሪያ በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ተፎካካሪህ ጣሪያውን እየነካ አንተ ከቴሌቪዥን ዜሮ እየወሰድክ መቀጠል ቀላል አይሆንም።

ፍሎሪዳ ስቴት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተፈላጊነቱ ሳይሆን እግረ ሙቁ ነው ያቆየው። ሁለት ወረቀቶችን ለዩ። አንደኛው የመውጫ ክፍያ ነው፦ ከፍለህ ትወጣለህ። ሁለተኛው የመብት ማስተላለፊያ ውል ነው፦ በሜዳህ የምታደርጋቸውን ጨዋታዎች የማሰራጨት መብት ለኮንፈረንሱ እስከ ውሉ ማብቂያ አስረክበሃል፤ ብትወጣም መብቱ እዚያው ይቀራል። አዲሱ ኮንፈረንስ የሚቀበለው ጨዋታው የሌላ የሆነ ቡድን ነው፤ ጣቢያው ለዚያ ምን ብሎ ይከፍላል? ቴክሳስና ኦክላሆማ ውላቸው ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው እንኳ ቀድመው ለመውጣት በድምሩ 100 ሚሊዮን ዶላር ትተው ነው ጁላይ 1 ቀን 2024 ኤስኢሲ የሚባለው ኮንፈረንስ የገቡት። የኤሲሲው ውል ደግሞ እስከ 2036 ነበር የሚዘልቀው።

ፍሎሪዳ ስቴት በዲሴምበር 2023፣ ክሌምሰን በማርች 2024 ከሰሱ፤ በማርች 2025 ታረቁ። በዕርቁ መሠረት የመውጫው ዋጋ ከ165 ሚሊዮን ተነሥቶ በየዓመቱ 18 ሚሊዮን እየቀነሰ በ2030-31 75 ሚሊዮን ላይ ይቆማል፤ የከፈለ ሰው መብቱን ይዞ ይሄዳል። ከቴሌቪዥኑ ገንዘብም 60 በመቶው በተመልካች ብዛት ይከፋፈላል። ስለዚህ ዛሬ የሚቆየው ተገዶ ብቻ አይደለም፤ መቆየቱ ይከፈለዋል።

የሌሊት ጨዋታ፦

ሁለታችሁም በምሥራቁ ሰዓት ቆማችሁ ነው የምትቆጥሩት። ተመልካች ብዛት ላይ ብቻ ካተኮራችሁ የምዕራቡን ቡድኖች ዋጋ ታሳንሳላችሁ።

ጣቢያ የሚገዛው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ነው። ቅዳሜ በኒውዮርክ ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር) እኩለ ቀን፣ 3፡30፣ ማታ 7፡30 ገደማ፣ ከዚያ ሌሊት 10፡30 ላይ የሚጀምር አራተኛ ክፍት ቦታ አለ። ያን አራተኛ ቦታ ማስተናገድ የሚችለው በተራራማው ምዕራብና በፓስፊክ ዳርቻ ያለ ባለሜዳ ብቻ ነው። ኦሃዮ ላይ ሌሊት 10፡30 ጨዋታ አትጀምርም። ቢግ 12 ቢዋይዩን፣ ዩታን፣ አሪዞናንና አሪዞና ስቴትን ሲይዝ ቀኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ሆነ። ከጆርጂያ የሚያንስ ተመልካች ያለው ቡድን በባዶ ሰዓት ላይ ሲቀመጥ ለጣቢያው ከባዶ ይሻላል፤ ሒሳብ ሹም የዘረዘረው መካከለኛ ቁጥር ይህን አያሳይም። ሌሊት ተጫውቶ ትንሽ የታየ ቡድን «ተመልካች የለውም» ይባላል፣ አገሩ ተኝቶ እያለ።

ወጪው ደግሞ በሌላ መዝገብ ላይ ነው የሚታየው። ፉትቦል በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ በቻርተር አውሮፕላን ይሄዳል፤ ይህ የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው ቮሊቦል፣ ሶፍትቦልና እግር ኳስ ነው፦ በሳምንት መካከል ከካሊፎርኒያ ቦስተን ወይም ኒውጀርሲ በንግድ በረራ፣ ፈተና ላይ ያሉ ተማሪዎችን ይዞ። ዩሲኤልኤ ፓክ 12ን በመልቀቁ ለተጎዳው ለካል በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የዩኒቨርሲቲው ሬጀንቶች (የበላይ ቦርዱ) ወስነውበታል፤ ሁለቱም የአንድ የዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ልጆች ናቸውና። አዲስ አባልን ስትመዝኑ እንዲህ ያለ ወንድም እንዳለው አይታችሁ ነው።

የተሰባበረው ፓክ 12 እንዴት እንደተጠገነ ማየት ደግሞ ከትልልቆቹ ይልቅ ያስተምራል፤ እዚያ ሒሳቡ ባዶውን ይታያል። ኦሬገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩ። ኮንፈረንስ ለመባል ፉትቦል የሚጫወቱ ስምንት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ኤንሲኤኤ የሰጠው የሁለት ዓመት ፋታ እስከ ጁላይ 2026 ነበር። ለ2024 ጨዋታ ስላልነበራቸው ለማውንቴን ዌስት 14 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ፕሮግራም ተከራዩ። በዚያ ስምምነት ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ ገባ፦ ከማውንቴን ዌስት አባል ብትወስዱ ለመጀመሪያው 10 ሚሊዮን፣ ለእያንዳንዱ ተከታይ ግማሽ ሚሊዮን እየጨመረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሴፕቴምበር 2024 ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬስኖ ስቴትንና ሳን ዲዬጎ ስቴትን ሲወስዱ 10፣ 10.5፣ 11፣ 11.5 ተደምሮ 43 ሚሊዮን መጣባቸው። ዩታ ስቴት ሲጨመር 55። ይህ ቡድኖቹ ራሳቸው ከሚከፍሉት የመውጫ ዋጋ ውጪ ነው። ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት ገባ።

ከምሥራቅ ሜምፊስን፣ ቱሌንን፣ ሳውዝ ፍሎሪዳንና ዩቲኤስኤን ሞከሩ፤ አራቱም በአንድ ድምፅ እንቆያለን አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመውጫው ክፍያና የጉዞው ወጪ እርግጠኛ ነበር፣ የፓክ 12 ቴሌቪዥን ውል ግን ገና አልተፈረመም። ጎንዛጋ መጣ፤ ቅርጫት ኳሱ የታወቀ ነው፣ ግን ፉትቦል ስለማይጫወት ለስምንቱ አይቆጠርም። ስምንተኛው በጁን 30 ቀን 2025 የተገኘው ቴክሳስ ስቴት ነው። ቀኑን ልብ በሉት፤ ከነበረበት ኮንፈረንስ ከሳን ቤልት ለመውጣት ያን ቀን 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በማግስቱ 10 ሚሊዮን።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም፤ ጎዶሎ ቁጥር። ኤሲሲ 17 ፉትቦል ተጫዋች አባላት አሉት። እያንዳንዱ ዘጠኝ የኮንፈረንስ ጨዋታ ይጫወት ካልክ 17 ጊዜ 9፣ 153 ነው፤ ለሁለት አይካፈልም። ቢያንስ አንድ ቡድን ስምንት ብቻ መጫወት አለበት። ኮንፈረንስ ሲሰፋ ደረጃው ራሱ ይናጋል፦ በ2025 ኤሲሲ ውስጥ አምስት ቡድኖች 6 አሸንፈው 2 ተሸንፈው ለሁለተኛነት እኩል ወጡ፣ እርስ በርስ ሁሉም አልተጫወቱም፣ በመለያው ሕግ ዱክ ለዋንጫ ጨዋታ አለፈ፣ ቨርጂኒያንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አምስት ሽንፈት ስለነበረው ግን ፕሌይኦፍ አልገባም። እንዲህ ያለ ሻምፒዮን ማንም ኮንፈረንስ አይመኝም።

ሒሳብ ሹም፦

የሌሊቱን ሰዓት በተመለከተ ትክክል ነህ፣ እቀበላለሁ። ግን ወሰን አለው፤ ሌሊት 10፡30 አንድ ቦታ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ቻናል። አራት የምዕራብ አባላት ያሉት ኮንፈረንስ ያን ቦታ ሞልቶታል። አምስተኛው የሚጨምረው ሰዓት የለም፤ ያኔ ወደ ተመልካች ብዛት ትመለሳለህ። ሳን ዲዬጎ ስቴትን ቢግ 12 ያልወሰደው ለዚህ ይመስለኛል።

አራተኛ ዳውን፦

ብዙ ተብራራልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ ኖተር ዴም ከሁሉም ተፈላጊ ከሆነ ለምን አይገባም? ሌላው ስለ ትምህርት ደረጃ የሚወራው እውነት ሚዛን አለው ወይስ ለጋዜጣ ነው? ዩኮንም (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) በቅርጫት ኳስ በ2023 እና በ2024 ተከታታይ ሻምፒዮን ሆኖ ለምን ይታለፋል?

ውል አንባቢ፦

ኖተር ዴም የማይገባው ሳይገባ የሚያገኘው ስለሚበቃው ነው። የሜዳው ጨዋታዎች ከኤንቢሲ ጋር እስከ 2029 የተሸጡ ናቸው። ሌላው ስፖርቱ ኤሲሲ ውስጥ ነው፤ በልዋጩ በዓመት በአማካይ አምስት ጊዜ ከኤሲሲ ቡድኖች ጋር ፉትቦል ይጫወታል። ፉትቦሉን ወደ ኮንፈረንስ ካስገባ ደግሞ እስከ 2036 ወደ ኤሲሲ ብቻ ነው የሚል ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ቢግ ቴን ሊገባ ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ ይህን ግዴታ ማን በስንት ፈታው ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ፕሌይኦፉም በራሱ መብት ይገባል፤ ችግር የሚሆንበት ፕሌይኦፉ ለኮንፈረንስ አባላት ብቻ ቦታ ቆርጦ የሰጠ ቀን ነው።

ዩኮን አጭር ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የፉትቦል ነው። በ2020 ወደ ቢግ ኢስት ኮንፈረንስ ሲመለስ 17 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፉትቦሉን ያለ ኮንፈረንስ ብቻውን አስቀረው። ቢግ 12 በ2024 ጉዳዩን አይቶ አቆመው። ቅርጫት ኳሱን አምጥቶ ፉትቦሉን ለጥቂት ዓመት ቢያቆይ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ለቅርጫት ኳስ ብቻ ፕሮ ራታ የሚከፍል ጣቢያ ግን የለም።

ሒሳብ ሹም፦

ትምህርቱ ለቢግ ቴን ሚዛን አለው፣ ለሌሎቹ ብዙም። መመዘኛው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አባልነት ነው፤ ከቢግ ቴን አባላት መካከል ከማኅበሩ ውጪ የሆነው ኔብራስካ ብቻ ነው፣ እሱም በ2010 ቢግ ቴን ሲቀበለው አባል ነበር፣ በ2011 ነው የተወገደው። ኖርዝ ካሮላይናና ቨርጂኒያ አባል ናቸው። ማያሚና ኖተር ዴም በ2023 ገብተዋል። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን አይደሉም። የበር መቆለፊያ ነው አልልም፣ ቁጥሩ ከበቃ ይከፈታል፤ ግን የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ናቸው ድምፅ የሚሰጡት፣ አሠልጣኞች አይደሉም።

ፖለቲካውም እንዲሁ። ቨርጂኒያ ቴክ በ2004 ኤሲሲ የገባው የግዛቱ ፖለቲከኞች ቨርጂኒያን ስለተጫኑ ነው፦ እሱ ካልገባ የእናንተ ድምፅ አይሰጥም ተብሎ። ስለዚህ ቨርጂኒያን የሚፈልግ ኮንፈረንስ ሁለት ሰው እንደሚመገብ አስቦ ይቁጠር።

ከአሁን በኋላ ማን ያዋጣል ላልከው፣ የእኔ ግምት ይኸው። ለኤስኢሲ ኖርዝ ካሮላይናና ቨርጂኒያ ከፍሎሪዳ ስቴትና ከክሌምሰን ይቀድማሉ፤ የኤስኢሲ ቻናል አሁንም ከኬብል ቤት ይበላል፣ ፍሎሪዳና ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ አስቀድሞ በእጁ ናቸው። ተመልካች ብቻ ከቆጠርክ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ለቢግ ቴን ከኖተር ዴም ሌላ በሙሉ ድርሻ የሚያዋጣ አንድም አይታየኝም፤ በግማሽ ድርሻ ግን ማያሚ፣ ፍሎሪዳ ስቴትና ኖርዝ ካሮላይና። ቢግ 12 ቢቆጠብ ይሻለዋል።

ምክንያቱ ፕሌይኦፉ ነው። ከ2026 ጀምሮ ኢኤስፒኤን በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል፤ ቢግ ቴንና ኤስኢሲ እያንዳንዳቸው 29 በመቶ ገደማ፣ ኤሲሲ 17፣ ቢግ 12 ደግሞ 15 በመቶ ይወስዳሉ። የቢግ ቴን ድርሻ 377 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ለ18 ሲካፈል 20.9። ውሉ እስካልተከለሰ ድረስ 20 አባላት ቢሆኑም 29 በመቶው 29 ነው፤ ለ20 ሲካፈል 18.9። እያንዳንዱ ነባር ሁለት ሚሊዮን ከዚህ ብቻ ይቀንሳል፤ ቴሌቪዥኑ ከዚያ በላይ ካልካሰ ማንም እጁን አያነሳም።

የሌሊት ጨዋታ፦

ክሌምሰን ላይ አልስማማም። በሜዳው ያለውን ሌሊት ማንኛውም ጣቢያ ይፈልገዋል፤ «ግዛቱ ተይዟል» የሚለው የ2012 ሒሳብ ነው። ራስህ ኬብሉ ታሟል አላልክም?

ሒሳብ ሹም፦

ታሟል አልኩ፣ አልሞተም። በ2031 ብንነጋገር ከአንተ ጋር እሆናለሁ።

አራተኛ ዳውን፦

መቼ ነው በቁም ነገር መከታተል ያለብኝ?

ውል አንባቢ፦

የቢግ ቴን ውል በ2029-30 ያልቃል፣ የኖተር ዴምና የኤንቢሲው በ2029፣ የቢግ 12ቱ በ2030-31፤ የኤሲሲ መውጫም ያን ዓመት ነው 75 ሚሊዮን የሚደርሰው። ኤስኢሲ ከኢኤስፒኤን ጋር ከ2024 የጀመረው የአሥር ዓመት ነው፣ እሱ አይቸኩልም። ከዚያ በፊት የሚንቀሳቀሱት ትናንሾቹ ናቸው። በየዓመቱ ደግሞ ጁን 30ን ያዝ፤ የበጀት ዓመቱ በማግስቱ ስለሚጀምር የማስጠንቀቂያ ቀነ ገደብና የመውጫ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ያን ሌሊት ነው። በኦክቶበር «ምንጮች እንደገለጹት» የሚል ወሬ ብታይ እለፈው። በጁን የመጨረሻ ሳምንት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ አጀንዳው «የኮንፈረንስ አባልነት» የሚል ከሆነ ግን የስብሰባውን ማስታወቂያ ከድረ ገጻቸው ላይ አንብበው፤ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ አስቀድሞ የመለጠፍ ግዴታ አለበት።